ያውቁ ኖሯል? ሙሩኩ ለምን ይኮረሸማል?

በህንዷ ታሚል ናዱ የዲዋሊ በዓል ሲቃረብ በየቤቱ ሙሩኩ የተባለው መክሰስ ይጠበሳል። ዋናው የሩዝ ዱቄት ነው፤ ብቻውን ቢጠበስ ግን ጥርስ ይፈትናል። ስለዚህ ኡራድ የተባለው ጥራጥሬ ተቆልቶና ተፈጭቶ ይገባበታል፤ ጨው፣ ሰሊጥና ከሙን ይከተላሉ። እኛ በሽሮና በበርበሬ የምናውቀውን ነጭ አዝሙድ የሚጨምሩም አሉ።

ሙያው የሚለየው ሊጡ ውስጥ በሚገባው ቅቤ መጠን ነው። ሲበዛ ሙሩኩው ዘይት ውስጥ ይበታተናል፤ ሲያንስ ይደርቃል። ሊጡ ባለ ኮከብ ቀዳዳ መጭመቂያ ውስጥ ገብቶ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ከሁሉ የሚደነቀው ግን በእጅ የሚሠራው ካይ ሙሩኩ ነው፤ ባለሙያዋ ሊጡን በጣቶቿ እየፈተለች፣ ክቡን በክብ ላይ እየደረበች ትጠመጥመዋለች። ይህን የሚተካ መሣሪያ ያለ አይመስለኝም።

ዘይት ውስጥ ሲገባ በሊጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፤ ዘይቱ የሚንጫጫው ለዚህ ነው። ጫጫታው ጋብ ሲል ውሃው አልቋል ማለት ነውና ሙሩኩው ይወጣል። ቀድሞ ከወጣ መሃሉ ይለሰልሳል።

በቲሩቺራፓሊ አቅራቢያ ያለችው የማናፓራይ ከተማ ሙሩኩ ሁለት ጊዜ ይጠበሳል፤ አንዴ ተጠብሶ ይቀዘቅዝና ተመልሶ ዘይት ይገባል። የከተማዋ ሰዎች ጣዕሙን ጨዋማ ለሆነው የጉድጓድ ውሃቸው ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ሙሩኩው በህንድ ሕግ የአካባቢ መጠሪያ ጥበቃ አግኝቷል።