ሐዲዱ ቆሞ የቀረባት የቢሻ ጣቢያ

ከአቆርደት በስተምዕራብ፣ በባርካ ቆላ ውስጥ፣ ቢሻ የምትባል መንደር አለች። ማለፊያ እንጂ መድረሻ ትሁን ብሎ ያሰባት ማንም አልነበረም። ነገር ግን ከምጽዋ ተነሥቶ ሱዳን ይገባል የተባለው የምድር ባቡር በእርስዋ ላይ ቆሞ ቀረ።

ሥራው የተዠመረው በ1887 ዓ.ም. ነው፤ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። በ1888 ሳሐጢ የደረሰው ሐዲድ ለነጋዴ ሳይሆን ለጦር ሠራዊት ስንቅና ትጥቅ ማመላለሻ ነበር። ከዚያ ወዲያ ገደሉ ብዙ ዘመን ፈጀ። ከምጽዋ እስከ አሥመራ ያለው መንገድ 118 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ዋሻ እየፈለፈሉና ድልድይ እየሠሩ አሥመራ የገቡት በ1911 ነው። ባቡሩም በ1922 ከረን፣ በ1928 አቆርደት፣ በ1932 ቢሻ ደረሰ።

ወደ ምዕራብ የሳበው የቆላው ሀብት ነበር። በባርካ ወንዝ ዳር የሚበቅለው የዱም ዘንባባ ፍሬ እንደ አጥንት የጠነከረ ስለ ሆነ የልብስ ቍልፍ ይሠራበታል። ከዚህ የሚበልጠው ግን በተሰነይና በዓሊ ግድር በጋሽ ወንዝ ውሃ የለማው ጥጥ ነው። የኢጣልያ ቅኝ ገዢዎች ይህ ጭነት በምጽዋ ወደብ እንዲወጣ ይሹ ነበር። የሱዳን ባቡር ግን በ1924 ከሰላ ገብቶ ቀድሟቸዋል። ለነጋዴ ደግሞ የሚቀርበው ወደብ የትኛው እንደ ሆነ የሚነግረው ካርታው ሳይሆን የማጓጓዣው ሒሳብ ነው። የቢሻ ሐዲድ ከጥጡ እርሻ ስላልደረሰ፣ ጭነቱን አንድ ጊዜ አውርዶ እንደ ገና መጫን ግድ ነበር።

በ1935 ኢጣልያ ኢትዮጵያን ስትወር ገንዘቡም ሠራተኛውም ወደ ጦርነቱ ዞረ፤ የተሰነይም መንገድ ተረሳ። በ1941 የእንግሊዝ ጦር ከሱዳን ሲገባ ስንቁን ለማቅረብ ከከሰላ እስከ ተሰነይ የሚደርስ ቅርንጫፍ ሐዲድ ዘረጋ። የሁለቱ አገር ባቡሮች ከዚያ ቀን የበለጠ ተቀራርበው አያውቁም። ይሁን እንጂ ቢገናኙም ኖሮ አንዱ በሌላው ሐዲድ ላይ መሄድ አይችልም ነበር፤ የኤርትራው ሐዲድ ስፋት 95 ሳንቲ ሜትር፣ የሱዳኑ ግን 106.7 ሳንቲ ሜትር ነውና።

በ1942 ከአቆርደት እስከ ቢሻ ያለው ሐዲድ ተነቀለ፤ ጣቢያዋ ባቡር ያየችው ዐሥር ዓመት ያህል ብቻ ነው። የተሰነዩም ቅርንጫፍ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀረ። አቆርደት እንደ ገና የመስመሩ መጨረሻ ሆና ኖረች፤ በ1975 ግን በጦርነቱ ምክንያት የባቡሩ አገልግሎት በሙሉ ተቋረጠ። ከነጻነት በኋላ የጡረታ ዕድሜ የደረሱ የቀድሞ ሠራተኞች ጭምር ተጠርተው የታደሰውና በ2003 ያለቀው ከምጽዋ እስከ አሥመራ ያለው ብቻ ነው።

በ2011 በዚያው በቢሻ አካባቢ የወርቅ ማዕድን ማውጫ ሥራ ዠመረ፤ በኋላም መዳብና ዚንክ ተጨመረበት። መዳቡና ዚንኩ ወደ ምጽዋ ወደብ የተጓዘው በካሚዮን ነው።