የባሩድ ጥላሸትና የሞራ ጥቅም

ስለ ዐድዋ ድል ሲነገር የጀግናው ስም ይነሣል፤ የጠመንጃውም ስም ይነሣል። ጠመንጃው በተኩስ መካከል እንዳይዘጋ ስለሚያደርገው ቅባት ግን የሚያነሣ የለም። እኛ የሥነ ጥበብ ፋኩልቲ ተማሮች ታሪክን ከኬሚስትሪ ለይተን ማየት ስለ ለመድን፥ ይህን ትንሽ ነገር ለአንባብያን ለመግለጽ አስበናል።

በዚያ ዘመን ወደ ሸዋ የገባው መሣሪያ አብዛኛው በጥቁር ባሩድ የሚተኮስ ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. 2000 ያህል አሮጌ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ከታጁራ ሲመጣ፥ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ስለ ዋጋው የተነጋገረው በዚሁ በእንጦጦ ነው። ውጅግራ የምንለውም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1874 የወጣው የፈረንሳይ ጠመንጃ ሲሆን፥ የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊሜትር ነው።

ጥቁር ባሩድ ከመቶ 75 እጅ የናይትሬት ጨው፥ 15 እጅ ከሰል፥ 10 እጅ ድኝ ነው። ሲቃጠል ሁሉም ወደ አየር አይለወጥም፤ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ደረቅ ነገር ሆኖ ይቀራል። ከዚህም ከፊሉ ነጭ ጢስ ሆኖ ይወጣል፤ የቀረው በብረቱ ላይ ይጋገራል። አንድ የውጅግራ ጥይት 5 ግራም ያህል ባሩድ ይጎርሳልና፥ ከብዙ ተኩስ በኋላ የሚጠራቀመውን አንባቢ ራሱ ይገምት።

ይህ ጥላሸት ሁለት ጠባይ አለው። በበጋ ደርቆ እንደ ሸክላ ይጠነክራል፤ እርሳሱ አልፎ ለመውጣት ይቸገራል፥ ዒላማም ይስታል። በክረምት ደግሞ ውስጡ ያለው ጨው እርጥበት ስለሚስብ ብረቱን በጥቂት ቀን ያዝገዋል። የየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ውጊያ በበጋ የተደረገ ሲሆን፥ የእንጦጦ የሐምሌ ጉም ደግሞ ሁለተኛውን ጠባይ በደንብ ያሳያል።

እንግዲህ የቅባት ሥራ እዚህ ላይ ነው። ሞራ ከሰም ጋር ተቀላቅሎ ከእርሳሱ ጋር ሲገባ፥ በተኩሱ ሙቀት ይቀልጥና ጥላሸቱን ያለሰልሰዋል፤ የሚቀጥለውም ጥይት ጠርጎት ይወጣል። ሞራው ለማለስለስ፥ ሰሙ በፀሐይ እንዳይፈስ ለመያዝ ነው። በስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ላይ ችግሩ የባሰ ነው፤ ጥላሸቱ በመዘውሩ ዘንግ ዙሪያ ከገባ ጥይት ቤቱ አልዞር ይላል። ስለዚህ ዘንጉ ይቀባል፤ ከፊት በሚጎርሰው አሮጌ ዐይነት ደግሞ ቅባቱ በየጉርሻው አፍ ላይ ይደረጋል።

ቅባት ተራ ነገር ነው የሚል ቢኖር፥ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1857 በህንድ የሆነውን ያስታውስ። ወታደሮቹ በጥርሳቸው የሚቀድዱት የጥይት ወረቀት በላምና በዐሣማ ስብ ተቀብቷል የሚል ወሬ ሂንዱውንም እስላሙንም አስቆጥቶ፥ ከታላቁ ዐመፅ መነሻዎች አንዱ ሆነ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በየካ፥ በኮተቤና በእንጦጦ ግርጌ በሚኖሩ ቤተ ሰቦች ዘንድ ከአያት የተወረሰ ውጅግራ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቢገኝ አያስደንቅም። ባለቤቱ ሊያከብረው ብሎ በላምባ ይወለውለዋል፤ የመኪና ዘይትም ይደርብበታል። ነገር ግን ላምባ ጨውን አያሟሟም፤ ዘይቱም ከጥላሸቱ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ቅጥራን ይጣበቃል። ከሥሩ ዝገቱ ሥራውን ይቀጥላል። ቅቤ መቀባትም አይበጅም፤ ጨው የነካው ስብ ያዝጋል፥ የሻገተውም አሲድ ያወጣል።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። በመጀመሪያ ጠመንጃው ጥይት አለመጉረሱን በሚገባ ማረጋገጥ፤ ቀጥሎ አፈሙዙን በሙቅ ውሃና በሳሙና ማጠብ፥ ጨውን የሚያሟሟው ውሃ ነውና፤ ከዚያም ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ማድረቅ፤ በመጨረሻ ብረቱን በስሱ መቀባት። ጥላሸቱ ከጠፋ በኋላ ዘይትም ቢሆን አይጎዳም።

ፓሪስ ላይ ፖል ቪዬል ጢስ የሌለውን ባሩድ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1884 ካወጣ ወዲህ ይህ ሁሉ ጥበብ እየተረሳ ሄደ። ጠመንጃዎቹ ግን አሁንም አሉ። በብረታቸው ላይ የተቀረጸው ቁጥርና የተሠሩበት ዓመት ከየት እንደ መጡ የሚመሰክር ጽሑፍ ነው፤ ዝገት ከበላው ደግሞ ማንም ሊያነበው አይችልም። ስለዚህ በዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ፥ አባቶቻችንን በትሕትና ጠይቀን፥ ላምባውን በሙቅ ውሃ እንተካ።