አየር አልይዝ ያለ ጎማ

ከገዳሪፍ ወደ ገላባት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግራና ቀኙ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ነው፤ በየመሀሉም ሱዳኖች ጠልህ የሚሉት ግራር ቆሟል፣ እሾሁ ጣት ያህላል። ትንሿን ድልድይ ተሻግረው መተማ ሲገቡ መሬቱም እሾሁም ያው ነው፤ የሚለወጠው የጎማ መጠገኛው ስም ነው። ወዲያ ማዶ ከእንግሊዝኛ የተወረሰው «በንሸር»፣ ወዲህ ከጣሊያንኛ የቀረው «ጎሚስታ»።

እሾህ በበዛበት አገር ለሚነዳ ብስክሌት ቲዩብለስ፣ ማለትም ካላማዳሪያ የሌለው ጎማ፣ ትክክለኛው ጎማ ይመስለኛል። ለብስክሌት በደንብ የደረሰው የፈረንሳዩ ኩባንያ ማቪክ እ.ኤ.አ. በ1999 ከሚሽሊንና ከሃቺንሰን ጋር ለተራራ ብስክሌት ካወጣው በኋላ ነው። ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ምንም ሳይወጋው አድሮ ይተነፍሳል።

ካላማዳሪያ ያለው ጎማ ሲተነፍስ የሚጠረጠረው ያ የውስጡ ላስቲክ ነው። ቲዩብለስ ላይ ግን አየሩን የሚጠብቁት ብዙ ናቸው፤ ጎማው ራሱ፣ ቸርኬው ላይ የሚነከሰው ጠርዙ፣ የራጂዎቹን ቀዳዳ ከውስጥ የሚሸፍነው ልጣፍና የቫልቩ ሥር። ስለዚህ ከመጠገን በፊት መፈለግ ይቀድማል። ለዚህ ከጎሚስታው ሳፋ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። ጎማው ይነፋል፣ ኦሞ የተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ገባ እያለ ቀስ ብሎ ይዞራል።

አረፋው ከጠርዙ ከተንፈቀፈቀ ብዙውን ጊዜ አቧራ ወይም የደረቀ ዋልካ ጭቃ በመሀል ገብቷል፤ አለዚያም ቸርኬው ተጣሟል። ከራጂ ሥር ከወጣ ግን መጠንቀቅ ነው። አረፋ የታየበት ራጂ ልጣፉ የተቀደደበት ቦታ ላይሆን ይችላል፤ አየሩ በቸርኬው ሆድ ተጉዞ ባገኘው ቀዳዳ ይወጣልና። እዚያች ቦታ ላይ ብቻ መለጠፍ ድካም ነው። ልጣፉ በሙሉ ይነሳ፣ ቸርኬው ተጠርጎ ይድረቅ፣ አዲሱም ተወጥሮ ይለጠፍ። ጠርዙን ወደ ቦታው ለመመለስ ድንገተኛ ብዙ አየር ስለሚፈልግ የእጅ መንፊያ ያስቸግራል። ለኢሱዙ የተቀመጠው ኮምፕሬሰር ግን ባንድ ትንፋሽ ቋ! ቋ! ያሰኘዋል።

ሌላው ተጠርጣሪ ጎማው ውስጥ የሚጨመረው ማሸጊያ ፈሳሽ ነው። እንደ ቁልቋል ወተት ነጭ ነው፤ አየሩ ወደ ቀዳዳው ሲገፋው እዚያው ይረጋና ይደፍነዋል። የተራራ ብስክሌት ጎማ ከ60 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ይደርቃል፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በዚህ ቆላ ደግሞ ቶሎ። ማወቂያው ቀላል ነው፤ ጎማውን ጆሮ ላይ አስጠግቶ መወዝወዝ። ከተንቦጫረቀ አለ፤ ጸጥ ካለ አልቋል።

ጎማው ላይ እሾህ ተሰክቶ ቢታይ በችኮላ አይነቀል፤ ራሱ ውታፍ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ሲነቀል ቀዳዳው ወደ ታች ይዙር፣ ፈሳሹ እንዲደርሰው። አልደፍን ካለ ማስቲሽ የተነከረ የላስቲክ ፈትል በወስፌ ይሰካበታል።

ሁሉም እምቢ ካለ መንገደኛው የያዘውን መጠባበቂያ ካላማዳሪያ ያስገባል። ከዚያ በፊት ግን የጎማውን ውስጥ በጥጥ ይዳብስ። ፈሳሹ ስንቱን እሾህ ዝም አሰኝቶ እንደኖረ የሚታየው ያን ጊዜ ነው፤ ጥጡ በያዘበት ሁሉ የተሰበረ ጫፍ አለ።