ቤት ገዢው ኩባንያ ሲሆን

በአሜሪካ ከ2008ቱ (እ.ኤ.አ.) የገንዘብ ቀውስ በኋላ ሚሊዮኖች የባንክ ዕዳቸውን መክፈል አቅቷቸው ቤታቸውን አጡ። ብላክስቶን የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት በ2012 ኢንቪቴሽን ሆምስን አቋቁሞ እንዲህ ያሉ ቤቶችን በርካሽ እየገዛ ማከራየት ጀመረ። በአገር ደረጃ የትልልቅ ኩባንያዎች ድርሻ ትንሽ ነው፤ ጫናቸው የሚሰማው በተከማቹባቸው ከተሞች ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት አትላንታ በ2022 ለአንድ ቤተሰብ ከተሠሩ የኪራይ ቤቶች ሩብ ያህሉ በትልልቅ ኩባንያዎች እጅ ነበሩ። ጥሬ ገንዘብ ይዞ የመጣ ኩባንያ ብድር እስኪፈቀድለት የሚጠብቀውን ቤተሰብ ይቀድመዋል። ቤተሰቡም ተከራይ ሆኖ ይቀራል፤ የቤቱ ዋጋ ሲያድግ ሀብቱ የሚጨምረው ለባለአክሲዮኖች ነው። ይህም የሀብት ልዩነትን ሊያሰፋ ይችላል። እርግጥ የቤት ችግሩ የመጣው በኩባንያዎቹ ብቻ አይደለም። ተከራይነቱም የራሱ ችግር አለው፦ በ2024 ኢንቪቴሽን ሆምስ በተደበቁ ክፍያዎች ተከራዮችን አታሏል በሚል ለቀረበበት ክስ 48 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።