ከብት በሚያድርበት ቤት ውስጥ ያለው አየርና የቤተሰብ ጤና

በአዲሎና በዙሪያዋ ባሉ የከምባታ ቀበሌዎች፣ እንዲሁም በሀዲያ ገጠር፣ ከብትና ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ማደራቸው የቆየ ልማድ ነው። ምክንያቱም በቂ ነው። በሬና ላም የቤቱ ሀብት ናቸው፤ ውጭ ቢያድሩ ሌባና ጅብ አለ። ሌሊቱ ሲበርድ የከብቱ ሙቀት ለሰው ይተርፋል። ጠዋት የሚጠረገው እበት ደግሞ ወደ እንሰቱ ሥር ይሄዳል። ስለዚህ «ከብቱን አውጡ» ብሎ መምከር ቀላል ቢሆንም ለቤተሰቡ ግን ቀላል አይደለም። ያም ሆኖ ቤት ውስጥ ሕጻን፣ ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊ ወይም የአስም ሕመምተኛ ካለ ስለ አየሩ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሽታው ከየት ይመጣል?

የከብት ሽንት ዩሪያ የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ሽንቱ ከእበት ጋር ሲቀላቀል በእበቱ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። ጠዋት ላይ ዓይን የሚቆጠቁጠውና አፍንጫ የሚሰነፍጠው ይህ ጋዝ ነው። አሞኒያ በውሃ በቀላሉ ስለሚሟሟ እርጥብ የሆነውን የሰውነት ክፍል ማለትም ዓይንን፣ አፍንጫንና ጉሮሮን ቀድሞ ያጠቃል። መጠኑ ሲበዛ ወደ ሳንባ ቧንቧዎች ወርዶ ሳልና የደረት መጥበብ ያስከትላል፤ አስም ያለበትን ሰው ደግሞ ሊያስነሳበት ይችላል።

«እኛ ለምደነዋል» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እውነት ነው፣ አፍንጫ ይለምዳል። የሳንባ ቧንቧ ግን በየሌሊቱ መቆጣቱን አያቆምም። ከውጭ የመጣ እንግዳ ገና በር ላይ ሳለ ዓይኑን ካሻሸ የእሱን ዓይን ይመኑ።

የማይሸቱት ጋዞች

ላም ስታመሰኳ በግሳት ሚቴን ታወጣለች፤ አንዲት ላም በቀን ከ200 እስከ 500 ሊትር ልታወጣ ትችላለች። ይህ ጋዝ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲወራ ስሙ ይነሳል እንጂ ከአየር ስለሚቀል ጣሪያው ክፍተት ባለው ቤት ውስጥ ተበትኖ ይወጣል፤ ቤተሰቡን አያሳምምም።

የሚያስፈራው ከብቱ የማያመጣው ጋዝ ነው። ከብት የሚያድርበት ቤት ብዙውን ጊዜ ምድጃውም እዚያው ነው። ፍም ወይም ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲያድር ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል። በርካታ የቤተሰብ አባላት አንድ ላይ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይዟቸው ከነቁ ጉንፋን ነው ብለው አይለፉት። በሩን ከፍተው ሁሉንም ወደ ውጭ ያውጡ፤ ከዚያም ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷቸው።

ጭሱም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳሰላው በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። እንዲያውም ለሕጻኑ ሳንባ ከእበቱ ሽታ ይልቅ ጭሱ ይበልጥ ሊያሳስብ ይገባል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መለወጥ ካልቻሉ በጭሱ ይጀምሩ።

በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች አካባቢ ከከብት ጋር ያደጉ ልጆች አስም እንደሚቀንስባቸው ጥናቶች አሳይተዋል፤ ይህን የሰማ ሰው ሊከራከር ይችላል። እነዚያ ልጆች ግን በረት ገብተው ይወጣሉ እንጂ ጭስ በሞላው ክፍል ከላሟ አጠገብ አያድሩም።

የእበት ጉድጓድና የባዮጋዝ ማብላያ

በሀገራችን ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ሥራ ከጀመረ ወዲህ በገጠር ብዙ ማብላያዎች ተሠርተዋል። ጭስን ስለሚቀንሱ ለጤና ጥሩ ናቸው። ነገር ግን አየር በማያገኝ የእበት ክምችት ውስጥ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይፈጠራል። ሲያንስ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ደግሞ የማሽተት ችሎታን ያደነዝዝና ሽታው የጠፋ ይመስላል። ከዚያ በኋላ በጥቂት ትንፋሽ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል።

አንድ ሰው ወርዶ ከወደቀ ወንድም ወይም ልጅ ተከትሎ ይወርዳል፤ እሱም እዚያው ይቀራል። ተከትለው አይውረዱ። ሰው ይጥሩ፣ አምቡላንስ ይጥሩ (ቀይ መስቀል በ907 ይገኛል)። ማብላያ ለመጥረግ ወደ ውስጥ መግባት የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው። በአፉ አጠገብም እሳት አይለኩሱ፤ ጋዙ ይቀጣጠላል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ከሁሉ የሚሻለው ከብቱን ለይቶ ማሳደር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ሲሄዱ የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ከቤቱ ጋር ተያይዞ፣ በሩ በሚታይበት አቅጣጫ የሚሠራ ጋጣ ሌባንም ለመጠበቅ ያመቻል። ይህ እስኪሆን ድረስ ወለሉን ወደ ውጭ ያዘንብሉና ለሽንቱ ቦይ ያውጡለት። አሞኒያ የሚፈጠረው ሽንትና እበት ሲገናኙ ስለሆነ ይህ ብቻውን ብዙ ይለውጣል። እበቱን ጠዋትና ማታ ይጥረጉ፤ ደረቅ ገለባ ያንጥፉ። በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ያለውን ክፍተት ለብርድ ብለው በጨርቅ አይድፈኑ፤ ብርዱን በብርድ ልብስ ይከላከሉ። ፍሙን ከመተኛትዎ በፊት ወደ ውጭ ያውጡ። የሕጻኑን መኝታ ከከብቱም ከምድጃውም ያርቁ።

ወደ ጤና ተቋም መቼ ይሂዱ?

ሕጻኑ ካሳለና በፍጥነት ከተነፈሰ ትንፋሹን ተኝቶ ወይም ተረጋግቶ ሳለ ለአንድ ደቂቃ ሙሉ ይቁጠሩ። ከሁለት ወር በታች ከሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር ከሆነ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ከሆነ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በዚያው ቀን ያሳዩት። የደረቱ ታችኛ ክፍል ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከደነዘዘ ሌሊትም ቢሆን አይጠብቁ።

አዋቂ ሰው ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ካሳለ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል። ከብትም ነቀርሳ ይይዘዋል፤ በትንፋሽና ባልፈላ ወተት ወደ ሰው ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ ወተቱን ያፍሉ፤ የሚያሳልና የሚከሳ ከብት ካለም የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።

በጤና ጣቢያም ሆነ በዱራሜ ወይም በሆሳዕና ሆስፒታል ሲታዩ ቤቱ ውስጥ ከብት እንደሚያድርና ምድጃው የት እንዳለ ለሐኪሙ ሳይጠየቁ ይንገሩ። ሐኪሙ ሳሉን ያያል እንጂ ቤቱን አያይም።