የመንጋጋ እብጠት ሁሉ የጥርስ ሕመም አይደለም

በማክሰኝትም ሆነ በሌላው አገር መንጋጋ ባበጠ ጊዜ አስቀድሞ የሚወቀሰው ጥርስ ነው። ብዙውን ጊዜም ወቀሳው እውነት ነው። ነገር ግን ጥርሱ ተነቅሎ እብጠቱ ባይጎድል፣ ወይም ሳያምም ቀስ በቀስ ቢያድግ፣ ሌላ ነገር እንዳለ ልንጠረጥር ይገባናል።

ጥቂት ሰዎችን ብቻ ከሚይዙት የመንጋጋ እጢዎች አንዱ አሜሎብላስቶማ ይባላል። ጥርስን ከሚሠሩት ሕዋሳት ይነሣል፤ ሕመም ስለሌለውም ሰውን ለዓመታት ያዘናጋል፤ አጥንቱን ግን ከውስጥ ይበላል። ሁለተኛው አየርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት በኡጋንዳ ሳለ፣ በ1958 በአውሮፓ አቈጣጠር፣ የገለጸው የልጆች ካንሰር ነው። ይህ ወባ በሚበዛበት ቆላ ይበረታል፤ በቀናት ውስጥ ያድጋል፤ የሕፃኑንም ጥርስ ያለጊዜው ያነቃንቃል። የፊተኛው በቀዶ ጥገና፣ የኋለኛው በመድኃኒት ይታከማልና፣ ለይቶ ማወቅ የፈውስ መጀመሪያ ነው።

ታዲያ በምን ይለያል? ራጅ የአጥንቱን ጉዳት ያሳያል፤ አሜሎብላስቶማ ብዙ ጊዜ እንደ ማር እንጀራ ተቦርቡሮ ይታያል። ሌላም እጢ ይህን መልክ ሊይዝ ስለሚችል ግን፣ ፍርዱን የሚሰጠው ከእብጠቱ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚመረመረው ቅንጣት ሥጋ ነው። «ብረት ከነካው ይብሳል» ብሎ ከዚህ መሸሽ ጊዜን ማባከን ነው።

ስለዚህ፣ ወላጆች ሆይ፣ ሁለት ሳምንት አልፎት ያልጎደለ እብጠት ብታዩ፣ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚወስደውን መንገድ አታዘግዩ። ጠበል መጠመቅም ሐኪም ዘንድ ከመሄድ አያግድም።