ከጠመኔው አጠገብ የምትቀመጥ ሣጥን

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ከእኛ ከተማሪዎች መካከል ነገ ጠመኔ ይዞ በገጠር ትምህርት ቤት ከሰሌዳ ፊት የሚቆመው ብዙ ነው። ዳሩ ግን ለመሄድ ስንሰናዳ የምናስበው ስለ መጻሕፍቱ፣ ስለ ቤት ኪራዩና ስለ ደመወዙ ነው። ክፍል ውስጥ በድንገት ሱሪ ሲቀደድ፣ ድምፅ ሲዘጋ፣ የልጅ አፍንጫ ሲደማ በእጄ ምን ይኖረኛል ብሎ አስቀድሞ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም አንድ አስተማሪ በክፍሉ ውስጥ ምን ምን ዕቃ ቢያኖር እንደሚበጀው፣ ለምንስ እንደሚበጀው በአጭሩ ማስረዳት ነው።

ጉዳዩ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፣ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግል ያዝዝ ነበር፤ አብዛኞቹም የሚመደቡት በአስተማሪነት ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና አስተማሪዎች ወደ ገጠር ወጥተዋል። እነዚያ ሁለቱ ዛሬ የሉም። ነገር ግን ከኮሌጅ ወጥቶ ወደማያውቀው ደጋ የሚመደብ ወጣት አስተማሪ ዛሬም አለ።

ምሳሌ የማደርገው መንዝን፣ ግሼንና መርሐ ቤቴን ነው። እኔ ራሴ በመንዝ አንድ ዓመት አስተምሬአለሁና ከምጽፈው ውስጥ ገሚሱን የተማርሁት በራሴ ስሕተት ነው።

አገሩ ምን ይጠይቃል?

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር በኩል ወደ መሐል ሜዳ የሚወጣ ሰው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ይደርሳል። ከዚያ በላይ ያለው የጓሳ ሜዳ ከፍታው ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። እንዲህ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው፤ ከቆላ የመጣ አስተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ራሱን ሊያመውና ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ማለዳ ውርጭ አለ፤ በክረምት ጉሙ መስኮት ድረስ ይገባል። የአገሩ ሰው ይህን ስለሚያውቅ ከበግ ጠጉር ባና ይሠራል፤ እረኛውም ከጓሳ ሣር የተሠራ ገሳ ለብሶ ዝናቡን ይችላል። ወደ መርሐ ቤቴ የተመደበው ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥመዋል፤ ከዓለም ከተማ ወደ ጀማ ወንዝ ሲወረድ ቆላ ነው፤ ሙቀትም እባብም አለ። ስለዚህ ሣጥኗ ለሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ልትሆን አትችልም። መጀመሪያ አገሩን አይቶ፣ ነዋሪውን ጠይቆ መሙላት ነው።

1ኛ/ ስለ ሣጥኗ

ክዳን ያላት የቆርቆሮ ሣጥን ትበቃለች። ካርቶን አይሆንም፤ አይጥ ይበላዋል፣ ጉሙም ያረጥበዋል። ክብሪት፣ ፋሻና ጥጥ ለየብቻ በፌስታል ተጠቅልለው ይገባሉ። ሣጥኗ ሕፃናት ከማይደርሱበት ከፍ ካለ ቦታ ላይ ትቀመጥ፤ ሆኖም ቦታዋን የክፍሉ አለቃ ይወቅ፤ ምክንያቱም የሚወድቀው አስተማሪው ራሱ ሊሆን ይችላል። በክዳኗ ውስጥ የዕቃዎቹ ዝርዝርና የሚያስፈልጉ የስልክ ቁጥሮች በወረቀት ተጽፈው ይለጠፉ። ቁጥሩ በእጅ ስልኬ ውስጥ አለ የሚል ሰው፣ መብራት ለሦስት ቀን ሲጠፋ ስልኩም አብሮት እንደሚጠፋ ያስታውስ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ የቅርቡ ጤና ጣቢያና የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ቁጥር ግን ከዚያም ይልቅ ይጠቅማል።

2ኛ/ ለአስተማሪው ለራሱ

በመጀመሪያው ሳምንቴ የወደቀ ጠመኔ ላነሣ ጎንበስ ስል ሱሪዬ ከኋላ ተተረተረ። በሣጥን ፈንታ የነበረኝ ኩራት ብቻ ነበር። የቀረውን ክፍለ ጊዜ ጀርባዬን ከሰሌዳው ጋር አጣብቄ በቃል ብቻ አስተማርሁ። በመጨረሻ አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ዛሬ አይጻፍም እንዴ?» አለኝ። ስወጣም ኮቴ ከኋላ የጻፍሁትን ትምህርት ሁሉ ይዞ ነጭ ሆኖ ነበር። መርፌና ክር ቢኖረኝ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር።

እንግዲህ ለአስተማሪው የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦ መርፌ፣ ጥቁርና ነጭ ክር፣ ጥቂት ቁልፎች፣ አምስት ስድስት መርፌ ቁልፍ፤ አንድ ደረቅ ካልሲ፤ ሳሙናና ሶፍት፤ ለተሰነጠቀ ከንፈርና እጅ ቫዝሊን፤ የእጅ ባትሪ (የባትሪው ድንጋይ ወጥቶ ለብቻው ቢቀመጥ አይፈስም)፤ ሻማና ክብሪት፤ ለትራንስፖርት የሚሆን ጥቂት ዝርዝር ብር። ለሆድ ደግሞ አንድ ከረጢት ቆሎና ትንሽ በሶ ይኑር። የገብስ አገር ነውና ሁለቱም እዚያው ይገኛሉ፤ በደረቅ ዕቃ ከተቀመጡም ብዙ ይቆያሉ።

ድምፅን በሚመለከት፣ የጠመኔ ብናኝና ደረቁ ብርድ ተባብረው ጉሮሮን ይዘጋሉ። መድኃኒቱ ውኃ ቶሎ ቶሎ መጠጣት፣ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግና ጉሮሮን ለብ ባለ የጨው ውኃ መጉመጥመጥ ነው። ስለዚህ ጥቂት ጨውና አንድ ጠርሙስ የፈላ ውኃ ከሣጥኗ አይለዩ። እዚህ ላይ ፊዚክስ የተማርነውን እናስታውስ፤ በ3,000 ሜትር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚጠጣ ውኃ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ሊቆይ ይገባዋል።

3ኛ/ ለልጆቹ

ሣጥኗን ለራሱ ያዘጋጀ አስተማሪ በአንድ ወር ውስጥ ከራሱ ይልቅ ተማሪዎቹ እንደሚጠቀሙባት ያያል። ለዚህም ፋሻ፣ ንጹሕ ጎዝ፣ ፕላስተር፣ መቀስ፣ ጓንት፣ ስኳርና አንድ ባና ይጨመሩ። ዕቃው ያለ ዕውቀት ከንቱ ነውና አጠቃቀሙን ባጭሩ እነሆ፦

ሲቆርጠው፦ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን፤ ደሙ ሲቆም በንጹሕ ውኃ አጥቦ መሸፈን። የተፈጨ ቡና፣ አፈር ወይም የካፕሱል ዱቄት መነስነስ ቁስሉን ያቆሽሸዋል እንጂ አያድነውም።

ነስር ሲነስረው፦ አንገቱን ወደ ኋላ ማቅናት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ደሙ ወደ ጉሮሮው ይወርዳል። ልጁ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ የአፍንጫው ለስላሳ ክፍል በሁለት ጣት ተቆንጥጦ 10 ደቂቃ ይቆይ።

የሚጥል በሽታ ሲጥለው፦ ክብሪት ጭሮ ማሽተት በየአገሩ ይደረጋል፤ ጥቅም ግን የለውም፣ ማቃጠልም ይችላል። በአፉ ውስጥ ማንኪያም እንጨትም አይግባ፤ ልጁም በኃይል አይያዝ። አጠገቡ ያለውን አግዳሚ ወንበር አርቆ፣ ከራሱ በታች ጋቢ አነጥፎ፣ መንዘፍዘፉ ሲያቆም በጎኑ ማስተኛት ነው። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። ሌሎቹ ልጆች በሽታው በትንፋሽም ሆነ በመንካት እንደማይተላለፍ በዚያው ቀን ሊነገራቸው ይገባል፤ አለበለዚያ ልጁ ነገ ብቻውን ይቀመጣል።

ራሱን ሲስት፦ አስተኝቶ እግሩን ከፍ ማድረግ። ራሱን በሳተ ልጅ አፍ ምንም አይፈስስም። ሲነቃ ስኳር በውኃ ቢሰጠው ይበረታል። ነገር ግን በረቡዕና በዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም ከሆነ ልጁ ጾመኛ ሊሆን ይችላልና ቀስ ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ አሳፍሮ ማስፈሰክ የሁለት ቀን ቅያሜ ያመጣል።

በዝናብ ርሶ ሲንቀጠቀጥ፦ እርጥቡን ልብስ አውልቆ በባና መጠቅለል፣ ትኩስ ነገር ማጠጣት። መንቀጥቀጡን አቁሞ ቢፈዝና አንደበቱ ቢተሳሰር ተሻለው ተብሎ አይተው፤ አደጋው የዚያን ጊዜ ነው።

ውሻ ሲነክሰው፦ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፤ በዚያው ቀንም የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ወደሚገኝበት መላክ። በሽታው አንድ ጊዜ ምልክት ካሳየ አይመለስምና ነገ ማለት አያስፈልግም።

እባብ ሲነድፈው፦ ይህ ይልቁንም ለቆላው ነው። በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ አጥብቆ ማሰር ጉዳቱን ያብሳል። የተነደፈው እግር ሳይንቀሳቀስ ልጁን በወሳንሳ ተሸክሞ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

ተቅማጥ ሲይዘው፦ በተለምዶ ለምለም የሚባለውን ዱቄት አንዱን ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጦ በየጊዜው ማጠጣት። ዱቄቱ ከሌለ በ1 ሊትር ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም ልክክ ተደርገው።

የሚዋጥ መድኃኒት ግን በሣጥኗ አይቀመጥ። ለአንዱ የተረፈ ክኒን ለሌላው መርዝ ሊሆን ይችላል፤ አስተማሪም ሐኪም አይደለም።

4ኛ/ ከሁሉ የሚበልጠው ዕቃ

አሁን የምጽፈውን ብዙዎቻችን ወንዶች ስናነብ አንገታችንን እንደፋለን፤ እኔም መጻፉ ከብዶኝ ነበር። በሁለተኛው መንፈቅ የሰባተኛ ክፍል ሳስተምር አንዲትን ጎበዝ ልጅ ወደ ሰሌዳው ጠራኋት። አልተነሣችም። ደግሜ ጠራኋት። «ቲቸር፣ እግሬን አሞኝ ነው» አለች። እምቢተኝነት መሰለኝና በክፍሉ ፊት ተቆጣኋት፤ ወንዶቹ ሣቁ። ክፍሉ ሲበተን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከሁሉ ኋላ ወጣች። ሰኞ አልመጣችም፤ ማክሰኞም። ምክንያቱን የነገረችኝ አብራኝ የምታስተምር እኅት ናት፤ ወር አበባዋ በድንገት መጥቶ ልብሷን ነክቶት ኖሯል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይህችው አስተማሪ እቤቷ ድረስ ሄዳ፣ እናቷን አነጋግራ ባትመልሳት ኖሮ ትምህርቷ በዚያው ባበቃ ነበር። ከተመለሰችም በኋላ እስከ ሰኔ ድረስ የምትቀመጠው በር አጠገብ ነበር።

የዚያች ልጅ ትምህርት ሊቋረጥ የደረሰው በአንድ ሞዴስና በእኔ አለማወቅ ምክንያት ነው። ስለዚህ በሣጥኗ ውስጥ ጥቂት ሞዴስ፣ አንድ ሁለት ንጹሕ የውስጥ ልብስ፣ ሳሙናና ወገብ ላይ የሚታሰር ጠቆር ያለ ጨርቅ ይኑር። ነገር ግን እነዚህ ዕቃዎች በወንድ አስተማሪ እጅ ሆነው ልጅቱ መጥታ ትጠይቅ ማለት የሌሉ ያህል ነው። በሌላ ትንሽ ከረጢት ሆነው፣ ሴት አስተማሪ ካለች እርሷ ዘንድ፣ ከሌለች ከፍ ካሉት ልጆች አንዷ ዘንድ ይቀመጡ፤ ልጃገረዶቹም ማንንም ሳያስፈቅዱ ይውሰዱ። አስተማሪውም ተነሺ ብሎ ያልተነሣችለትን ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ ጠርቶ ይለፋት።

ማጠቃለያ

ሣጥኗን መሙላት ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ሞልታ እንድትኖር ማድረግ ነው። በየወሩ መጀመሪያ ከዝርዝሩ ጋር ማመሳከር፣ ያለቀውን በሚመጣው የገበያ ቀን መተካት፣ በየመንፈቁ ዓመት ጊዜው ያለፈበትን ማውጣት ይገባል። አስተማሪው ተዛውሮ ሲሄድም ለተተኪው ቢያስረክባት መልካም ነው።

በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ልጆችም ከትምህርት ርቀው ቆይተዋል። እንዲህ ካለ ዘመን በኋላ ተመልሶ ወደ ክፍል ለሚገባ ልጅ የአንድ ቀን ትምህርት ቀላል ነገር አይደለም። ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ፣ በውርጭ መጥቶ፣ በተቀደደ ልብስ ወይም በነስር ምክንያት ወደ ቤቱ የሚመለስ ልጅ ነገ ለመምጣቱ ዋስትና የለንም።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ የመመደቢያው ደብዳቤ ሲደርሰን፣ ከሻንጣችን በፊት ይህችን ሣጥን እንሙላ። ጅቡ ገና አልመጣም።